ሻጩ ሌላ፣ ባለ ሊብሬው ሌላ፣ ጎማውም አጠራጠረኝ

የሳሪሷ፦
ሰላም ቤቶች። መኪና የገዛችሁ ሰዎች እስቲ አንድ በሉኝ። የ2004 ሞዴል ቪትዝ አይቻለሁ። ኮድ 2፣ የአዲስ አበባ ሰሌዳ። መካኒክ አሳይቼው ሞተሩን ወዶታል። ስለ ሞተር እኔ የማውቀው ነገር የለም። ወረቀት ላይ ግን ማንም አይሸውደኝም። ሥራዬ ግዥ ክፍል ነው፤ ሳያነቡ ከሚፈርሙ ሰዎች ጋር ስጨቃጨቅ ነው የምውለው።

የሚሸጠው ሰውዬ ባለቤቱ አይደለም። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሌላ ሰው ነው፤ «ውጭ አገር ነው ያለው» አለኝ። ውክልና አለኝ ብሎ ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ቦሎ እንዲያድስ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀርቦ ጉዳይ እንዲያስፈጽም» ይላል። «እንዲሸጥ» የሚል ግን የለበትም። ስጠይቀው «ማስተዳደር ውስጥ ይካተታል እኮ፤ ለጊዜው ውክልናውን ላንቺ አስተላልፍልሻለሁ፣ ስሙን ቀስ ብለን እናዞረዋለን» አለ። ደላላው ደግሞ «ሌላ ሰው ቀብድ ሊከፍል ነው» እያለ ይደውልልኛል። ያ ሌላ ሰው እስካሁን አልከፈለም፣ የሚገርም ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጎማ ነው። ማስታወቂያው «አራቱም ጎማ አዲስ» ይላል። እውነትም ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። የፊት ቀኙን ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አሉ። «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ጫፍ ላይ 1517 የሚል ቁጥር አለ። የሹፌሩ በር ላይ ያለው ወረቀት 175/65 አር14 ይላል፣ የኋላዎቹ ግን 185/70 አር14 ናቸው። ይሄ ምን ማለት ነው? ቀይሮ ያምጣ ልበል ወይስ ዋጋ ላስቀንስ? ቦሎውም ሊያልቅ ነው።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ውል መጻፍ ነበር። ያነበብሽው በትክክል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጥቅል ቃል የተሰጠ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። መኪናው የሚሸጥ ከሆነ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ስም እንዲያዛውር» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት። ሰሌዳውና የሻንሲ ቁጥሩ ቢጠቀስበት ደግሞ የተሻለ ነው።

«ውክልናውን ላንቺ ላስተላልፍ» የሚለውን እርሺው። ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮት ያበቃል። ያኔ ገንዘቡን ከፍለሽ፣ መኪናውን እየነዳሽ፣ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት መቆም ይመጣል። እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ብዙ አይቻለሁ።

ባለቤቱ እውነት ውጭ ካለ መንገዱ ከባድ አይደለም። ባለበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ የሽያጭ ውክልና ይስጥ። ሰነዱ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይገባል። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድም ያስፈልጋል፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ይጠየቃል። ብዙ ሰው ቀብድ ከፍሎ ካበቃ በኋላ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ቀድመሽ ጠይቂ።

ከመፈረምሽ በፊት ፋይሉ ካለበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ቅርንጫፍ ክሊራንስ ይውጣ። የባንክ እገዳ፣ የፍርድ ቤት እግድ ወይም ያልተከፈለ ቅጣት ካለ እዚያ ይታያል። ከቀረጥ ነጻ የገባ እንዳይሆንም ሊብሬውን ገልብጠሽ እዪ። ሻንሲውን ደግሞ ራስሽ አንብቢው። ኮፈኑን አስከፍተሽ ከሞተሩ በስተኋላ ባለው ላሜራ ላይ የተመታውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በየአኃዙ አመሳክሪ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዙሪያው የተበየደ ከመሰለሽ ትተሽው ሂጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ግብሩ እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናድርገው» ይሉሻል። እሺ እንዳትይ። የስም ማዛወሪያው ቴምብር የሚሰላው መሥሪያ ቤቱ ራሱ በሚያወጣው ግምት ስለሆነ ያን ያህል አይጠቅምሽም። ውሉ ከፈረሰ ግን ተመላሽ ብለሽ የምትጠይቂው የተጻፈውን ነው። ክፍያውም በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ ይሁን፤ ፊርማው ካለቀ በኋላ ነው የምትሰጪው።

ጎሚስታው፦
እህቴ ስለ ጎማው እኔ ልንገርሽ። 1517 ማለት በ2017 አሥራ አምስተኛው ሳምንት ላይ የተመረተ ማለት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ማብረቅረቁ ቅባት ነው፤ በጨርቅ ብትጠርጊው ጨርቁ ይጠቁራል። ጎኑ ከተሰነጠቀ ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀረው ጎማው አልቋል። ጥርሱንም ቢሆን አትመኚው፣ ያለቀ ጎማ በምላጭ ተቆርጦ ጥርስ የሚወጣለት አለ። ጥርሱ መሐል መስመሮቹን የሚያቋርጡ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ የተቀመጡ ምልክቶች ናቸው። ተቆርጠው ከጠፉ ወይም ጥርሱ እነሱ ጋ ከደረሰ ምንም አትጠይቂ።

የኋላዎቹ ቁመታቸው ከፊቶቹ በ3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ያገኘውን ነው የገጠመው።

«ቀይረህ አምጣ» አትበይው። ሱቅ ውስጥ ከሁሉ የረከሰውን ገዝቶ ይመጣል። የአራት ጎማ ዋጋ ጠይቂና ከመኪናው ላይ አስቀንሺ፣ ራስሽ ግዢ። በሩ ላይ ያለውን ልክ ያዢ። አዲስ ስትገዢም ቀኑን እዪ፣ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ «አዲስ» አለ። የቫት ደረሰኝ ተቀበዪ። ስታስገጥሚ ቫልቩም አብሮ ይቀየር፣ ባላንስ ይሠራ፣ ከዚያ አላይመንት። የድሮው ጎማ የውስጥ ጠርዙ ብቻ ካለቀ ግን አላይመንት ብቻውን ላይፈታው ይችላል፣ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ፣ ታይሮዱ ይታይ። ፖርቶባጋሎውን ከፍተሽ ስኮርታውን እዪ። ክሪክ መኖሩንም።

ባለ ኮሮላው፦
ብር ካጠረሽ ሁለት ገዝተሽ ፊት ላይ አስገጥሚ፣ ቪትዝ የሚጎትተው በፊት ነው። ሁላችንም እንደዛ ነው የምናደርገው።

ጎሚስታው፦
ወንድሜ አይሆንም። ሁለት ብቻ ከሆነ አዲሶቹ ወደ ኋላ ነው የሚሄዱት። በክረምት አስፋልቱ ውኃ ሲይዝ ፊቱ ቢንሸራተት ፍጥነት ቀንሰሽ ትመልሺዋለሽ። ኋላው ከከዳሽ መኪናው ይዞርብሻል፣ ያን ጊዜ ልምድ ላለውም ሹፌር መመለሱ ይከብዳል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብሳል።

የሳሪሷ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አባባ እርስዎን በተለይ። ለሰውዬው «የሽያጭ ውክልና ሲመጣ ደውልልኝ፣ የጎማው ዋጋ ይቀነሳል፣ ቀብድ አልከፍልም» ብዬ ጻፍኩለት። «ባለቤቱን አናግሬ እመለሳለሁ» አለ። ደላላው ግን መደወሉን አቁሟል። አንድ የቀረኝ፦ ቦሎው እስከዚያ ካለቀ ማን ያሳድሰው?

ጡረተኛው፦
ሻጩ ያሳድስ፣ ውሉ ላይም ይጻፍ። ምርመራው ላይ ጎማ ስለሚታይ በእነዚያ ጎማዎች ማለፉንም እጠራጠራለሁ። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ጊዜው እንዳላለፈ እዪ፤ ስሙ ሲዞር ኢንሹራንስ ቢሮ ሄደሽ በስምሽ አስደርጊው። ውልና ማስረጃ ስትሄዱ መታወቂያሽንና ፋይዳሽን እንዳትረሺ። ጠዋት በጊዜ ግቡ፣ ከሰዓት ሰው ይበዛል።