ፊርማ ያለበት የግጥም ወረቀት ልገዛ ነው፣ ምን ልይ?

የጦሳው፦ ሰላም ወገን። ደሴ ነኝ። አንድ ወዳጄ ከአሜሪካ ሲመጣ የቢት ትውልድ የሚባለውን የአሜሪካ ጸሐፊዎች ቡድን ገጣሚ የአለን ጊንስበርግን ፊርማ የያዘ ነጠላ የግጥም ወረቀት ሊያመጣልኝ ነው፣ ግርጌው ላይ በእርሳስ 41/100 ይላል። ልቤ ሸፍቷል፤ ዋጋው ግን ኪስ ያራቁታል።

የቦርከና ልጅ፦ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት እይ። ሰውዬው የሞተው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ በታተመ ወረቀት ላይ ከፈረመ መቼም ከመቃብር ተነስቶ ነው 😂 41/100 ማለት ከታተሙት መቶ ቅጂዎች 41ኛው ነው፣ እሱን ማንም መጻፍ ይችላል። ፊርማውን በአጉሊ መነጽር እየው፤ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ ታትሟል እንጂ አልተፈረመም።

እህተ ሐይቅ፦ ልክ ነው። የእርሳስ ፊርማ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ያብረቀርቃል። በድሮው ፊደል ለቀማ (አንድ በአንድ በተደረደሩ የብረት ፊደሎች) የታተመ ከሆነ ደግሞ ፊደሎቹ ወረቀቱን ጎድጎድ አድርገውታል፣ ጣትህ ያውቀዋል። ብቻ አደራ፣ ፍሬም ሰሪው ወረቀቱን ሊለጥፍበት ስኮች ፕላስተር ሲያወጣ ካየህ ወረቀትህን ይዘህ ውጣ! ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳም አርቀው።

የጦሳው፦ ኑሩልኝ። የግርጌውን የቅርብ ፎቶ ላክልኝ ብዬዋለሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ደህና ፍሬም ሰሪ የምታውቁ?