ስኳቱ ቆመ፣ ቅዳሜ እግር ይከዳል፤ ጂምና ሩጫን እንዴት ላስማማ?

ሶምሶማ ጅማ፦
ሰላም ናችሁ? 65 ኪሎ ነኝ፤ ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር እየተዘጋጀሁ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ጂም (ስኳት፣ ማለትም ብረት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጭ ብድግ፣ እና ዴድሊፍት፣ ማለትም ብረት ከመሬት ማንሳት)፤ ማክሰኞና ሐሙስ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ወጥቶ መውረድ፤ ቅዳሜ ረጅም ሩጫ። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ስኳቱ ባለበት ቆሟል፤ ቅዳሜ ደግሞ ገና ስጀምር እግሬ አልታዘዝ ይለኛል። ሩጫ ልቀንስ ወይስ ፕሮቲን ዱቄት ልግዛ?

ቁልቁለት፦
ሁለቱም ይቅርብህ። የሚቀነሰው ጂሙ ነው፣ ከሦስት ቀን ወደ ሁለት። ስኳትህን የበላው የጅሬን አቀበት ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ስትወርድ የታፋህ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትህን ስለሚገታ ይጎዳል፤ ሕመሙም የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ማክሰኞ ወርደህ ረቡዕ ስኳት፣ ሐሙስ ወርደህ ዓርብ ዴድሊፍት... መቼ ይጠገን?

ሰኞ ስኳት፦ 4 ዙር፣ በየዙሩ 5 ጊዜ፣ በመሀል 3 ደቂቃ እረፍት። ሁለት ጊዜ ለመድገም አቅም እያለህ ዙሩን አቁም። ማክሰኞ ሜዳ ላይ እያወራህ የምትሮጠው 40 ደቂቃ ይበቃል። ሐሙስ ጠዋት ጅሬን፤ ዴድሊፍቱ ሩጫው ካለቀ ቢያንስ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ። ወደ ላይ ሮጠህ ቁልቁለቱን በባጃጅ ውረድ፣ ማንም አይታዘብህም። ረቡዕና ዓርብ እረፍት።

በሶ በላ፦
የቅዳሜው ነገር ከምግብ ነው። ዓርብ ጠዋት ባዶ ሆድህን ብረት አንስተህ እስከ 9 ሰዓት ስትቆይ ጡንቻህ ውስጥ ያለው ስንቅ ሳይሞላ ቅዳሜ ይነጋል። በቀን በኪሎ ከ5 እስከ 7 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል፣ ላንተ ከ325 እስከ 455 ግራም። ዓርብ በ9፣ በ12 እና ማታ በ3 ሰዓት ብላ፦ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ፓስታ።

ፕሮቲን በኪሎ 1.6 ግራም፣ ማለትም ወደ 104 ግራም፣ በየማዕዱ ተከፋፍሎ። በፍስክ 3 እንቁላል 18፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ይሰጣል። በጾም 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24 ግራም አለው፤ ሽሮና ኦቾሎኒ ጨምርበት። ዱቄት የሚገዛው ይህ ሁሉ አልሞላ ሲል ነው።

ከ90 ደቂቃ በላይ ከሮጥክ በ1 ሊትር ውሃ 5 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠህ ያዝ፤ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ጠጣ። በሶ እየሮጡ አይጠጣም፣ ሆድ ላይ ይከብዳል። ስትጨርስ ግን ከወተት ጋር ግሩም ነው።

ጅማ ተቀምጦ ቡና ተው የሚል የለም። ብቻ ከምስሩ ጋር አታስከትለው፣ ብረት ማዕድኑን ሰውነትህ በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል፤ አንድ ሰዓት ቆይ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ደግሞ እንቅልፍህን ይነካል።

ሶምሶማ ጅማ፦
ኧረ ተባረኩ። ማገገሜን በምን ልወቅ?

ቁልቁለት፦
ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የልብ ምትህን ቁጠር። ከተለመደው በ7 እና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ከሰነበተ፣ እንቅልፍም ከጎደለ፣ የዕለቱን ከባድ ልምምድ በቀላል ቀይረው። ቅልጥምህ ላይ በጣት ስትጫነው አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚጠዘጥዝ ሕመም ካለ ግን የጡንቻ ድካም አይደለም፤ አጥንቱ እየተሰነጠቀ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን አቁመህ ሐኪም ጋ ሂድ።