ስለ ፅንስና ውርጃ ለወጣቶች ለማስተማር የትኞቹን ጥቅሶች ልያዝ?

ጥያቄ (ከሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። እሑድ ለወጣቶቻችን ስለ ፅንስ ሕይወትና ስለ ውርጃ የአንድ ሰዓት ትምህርት እሰጣለሁ። ኤርምያስ 1፥5ን እና ዘጸአት 21፥22ን ዋና አድርጌ ይዣለሁ። «አታስወርዱ የሚል የት ተጽፏል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ምን ልጨምር፣ ምንስ ልተው? እኅታችሁ ነኝ።

የሐዲሳት ተማሪ
እኅታችን፣ ቃል በቃል እንደዚያ የሚል ጥቅስ የለም፤ ራስሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከሌለበት ለማውጣት ስትታገዪ ካዩሽ የቀረውንም አይቀበሉሽም።

ኤርምያስን መነሻ አታድርጊው። ቃሉ ስለ አንድ ነቢይ መጠራት ነው፤ «ከመፀነሱም በፊት አውቆታል ይላል» የሚል ሙግት ይገጥምሻል። ከመዝሙር 138፥13-16 ጋር (በዕብራይስጡ ቁጥር 139) ደጋፊ አድርገሽ ያዢው።

መነሻሽ ሉቃስ 1 ይሁን። ገብርኤል ድንግል ማርያምን ሲያበሥራት ኤልሳቤጥ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች (ቁ. 36)። እመቤታችን ፈጥና ወጣች (39)፣ ሦስት ወርም ያህል ተቀመጠች (56)። እንግዲህ ሲገናኙ የእመቤታችን ፅንስ የቀናት ዕድሜ ብቻ ነበረው። ኤልሳቤጥ ግን ያን ጊዜውኑ «የጌታዬ እናት» አለቻት (43)፤ የስድስት ወሩም ዮሐንስ በማሕፀን በደስታ ዘለለ (44)። ይህን ቁጥር በቁጥር አስነብቢያቸው፤ ለዚህ ብቻ ሃያ ደቂቃ ብትሰጪ አይበዛም።

ከዚያ ወደ ቀን መቁጠሪያችን ውሰጃቸው። የጌታ ፅንሰቱ መጋቢት 29፣ ልደቱ ታኅሣሥ 29፦ ጳጉሜን ጨምረው ሲቆጥሩት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ታኅሣሥ 28 የሚከበረው ይህ ቁጥር እንዳይፈርስ ነው። ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንንም ፅንሰት ነሐሴ 7፣ የመጥምቁንም መስከረም 26 ታከብራለች።

ብሉይ አንባቢ
ዘጸአት 21ን ዋና ማድረግሽ ያስቸግርሻል። ሕጉ የሚናገረው ሰዎች ሲጣሉ ስለ ተመታች ነፍሰ ጡር እንጂ ሆን ተብሎ ስለሚደረግ ውርጃ አይደለም። በዕብራይስጡ ጉዳት ካልደረሰ ካሣ፣ ከደረሰ ሕይወት በሕይወት ነው፤ ጉዳቱ የእናቲቱ ብቻ ነው ወይስ የልጁም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የግሪኩ የብሉይ ኪዳን ትርጉም (ሰብዓ ሊቃናት) ደግሞ ፅንሱ መልክ ካልያዘ ካሣ፣ ከያዘ ሕይወት በሕይወት ይላል። በዚህ ከጀመርሽ ሰዓቱ «በስንተኛው ቀን ነው መልክ የሚይዘው?» በሚል ስሌት ያልቃል።

ጥያቄው ከተነሣ የቅዱስ ባስልዮስን ሁለተኛ ቀኖና (የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት) ጥቀሺ፦ መልክ የያዘና ያልያዘ ብለን አንለይም ብሏል። ከእርሱ በፊት የጥንት ክርስቲያኖች የትምህርት መጽሐፍ የሆነው ዲዳኬ ምዕራፍ 2 ውርጃን በስም ጠርቶ ይከለክላል። የተጻፈ ክልከላ ለሚሹት መልሱ ይኸው ነው።

የንስሐ አገልጋይ
የአባቶችን ቀኖና ስትጠቅሺ ግማሹን አትተዪ። በ314 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የዕንቆራ ጉባኤ፣ በ21ኛው ቀኖናው፣ ላስወረደች ሴት ቀድሞ እስከ ዕለተ ሞት የነበረውን ከቁርባን የመለየት ቅጣት ወደ 10 ዓመት አውርዶታል። ባስልዮስም 10 ዓመት ካለ በኋላ ፈውሱ በንስሐው ዓይነት እንጂ በዘመን ብዛት እንዳይለካ አዝዟል። «10 ዓመት» የሚለውን ብቻ ነጥለሽ ከተናገርሽ አስወርዳ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠች ልጅ ወደ ንስሐ አባቷ አትሄድም። ለእያንዳንዱ ሰው የንስሐ ቀኖና የሚሰጠው የንስሐ አባቱ ነው፣ እኛ ከመድረክ አንተምንም።

ፅንስ ራሱ መውረዱን ከማስወረድ በግልጽ ለዪላቸው፤ ልጇ የወረደባት እናት ስትሰማሽ በደለኛ ነኝ ብላ እንዳትወጣ። ከማሕፀን ውጪ የሚያዝ እርግዝናም አለ። አብዛኛውን ጊዜ በማሕፀን ቱቦ ይሆናል፤ ቱቦው ከፈነዳ እናቲቱ ወደ ውስጥ ትደማለች። ሕክምናው ነፍስ ማዳን ነው፤ ማንም አያዘግያት።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሉቃስን አስቀድማለሁ። የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 551 ካነሡብኝስ?

የንስሐ አገልጋይ
ያለውን ንገሪያቸው፦ በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት ሲፀነስ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ሲያሰጋ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ እናቲቱም በአካል፣ በአእምሮ ወይም በዕድሜ ማሳደግ ሳትችል ስትቀር በሕክምና ሲደረግ አያስቀጣም። ሕጉ የሚወስነው ማን ይቀጣል የሚለውን ነው፤ የኅሊናውን ጥያቄ ወደ ንስሐ አባት ምሪ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ካስወረደች በኋላ ብዙ ደም የሚፈስሳት ወይም የሚያተኩሳት ካለች፣ ምንም ነገር ሳይቀድም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ትሂድ በያቸው።