«ኢንተራፕት»ን ምን እንበለው?

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እኛ ሰፈር ያለን ጥቂት ልጆች ኤክስ86 የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮሰሰር የሚያስመስል ፕሮግራም (ኢሙሌተር) እየጻፍን ነው፤ ማብራሪያውን በአማርኛ እናድርገው ብለናል። ኢንተራፕትን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የያዘውን ትቶ ሌላ ጉዳይ እንዲያስተናግድ የሚያደርገውን፣ በሙሉ «ማቋረጥ» ስላልነው የኪቦርዱም፣ በዜሮ ማካፈሉም፣ ፕሮግራሙ ራሱ የሚጠራውም አንድ ስም ያዙ። አንባቢ በምን ይለያቸው?

ከሰበታ፦
«ትምህርቱን አቋረጠ» ሲባል እኮ ተመልሶ አልገባም ማለት ነው። ኢንተራፕት ደግሞ መመለስ አለበት። «ማናጠብ» አይሻልም? ሥራ የያዘ ሰው «አታናጥበኝ» ይላል።

ከቡራዩ፦
እህቴ፣ የተናጠበ ሰው የቱ ጋ እንደነበረ ይጠፋዋል። ፕሮሰሰሩ ግን የሚመለስበትን አድራሻና «ፍላግ» የሚባሉትን የ0 ወይም 1 ምልክቶቹን ሁኔታ ስታክ በሚባለው ጊዜያዊ ማስቀመጫ ላይ አስቀምጦ ነው የሚሄደው። የሰው ጨዋታ መሀል ስንገባ «ነገርህን አትርሳ» እንል የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ለኪቦርዱና ለሰዓት ቆጣሪው «ጣልቃ ገብ» ይበቃል።

ከለገጣፎ፦
ልጆች፣ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ሥራው ካለቀ በኋላ ወዴት እንደሚመለስ ጠይቁ። ኢሙሌተር የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ኢንተራፕት ቁጥር አለው፤ ከ256ቱ ቁጥሮች ከ0 እስከ 31 ያሉትን የፕሮሰሰሩ ሠሪ ኢንቴል ለራሱ ይዟቸዋል። 14 ቁጥር የሚነሳው ትእዛዙ የፈለገው የማስታወሻ (ሜሞሪ) ገጽ ሳይገኝ ሲቀር ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ገጹን አምጥቶ ያንኑ ትእዛዝ እንደገና ያስኬደዋል። የቀጣዩን ትእዛዝ አድራሻ ካስቀመጣችሁ ያኛው ተዘሎ ይቀራል፣ ፕሮግራሙም በተሳሳተ መረጃ ይቀጥላል። ይህን «እክል» በሉት። በዜሮ ማካፈልም ዛሬ እክል ነው፤ 8086 በሚባለው የድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ግን የሚቀመጠው የቀጣዩ ትእዛዝ አድራሻ ነበር። የድሮ ማሽን የምታስመስሉ ከሆነ ይህን ለዩ።

3 ቁጥር፣ ፕሮግራም ስንመረምር የምናቆምበት፣ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ይመለሳል። ብዙዎች «ወጥመድ» ይሉታል፤ ወጥመድ ግን የገባበትን ያስቀራል። «ኬላ» ይሻላል፣ ተፈትሾ ይታለፋልና። 8 ቁጥር፣ እክልን ለማስተናገድ ሲሞከር ሌላ እክል የሚደረብበት፣ አስተማማኝ መመለሻ የለውም። «ማቋረጥ» የሚባለው እሱ ነው፤ ለእሱ ብቻ አስቀምጡት።

ጣልቃ ገቡ ከውጭ ስለሆነ የሚመጣበት ጊዜ አይታወቅም፤ የሚስተናገደው ግን በትእዛዝና በትእዛዝ መካከል ነው። አይ ኤፍ የሚባለው ፍላግ 0 ከሆነ ተራ ይጠብቃል፤ እሱ «የሚታፈን» ነው። 2 ቁጥር ይህን ፍላግ አይሰማም፣ «የማይታፈን» በሉት። ኪውኢኤምዩ የሚባለው የታወቀ ኢሙሌተር ተራ ጠባቂ መኖሩን በየትእዛዙ አያይም፤ ተርጉሞ በሚያስኬዳቸው የትእዛዝ ክምችቶች መካከል ነው የሚያየው። ለፍጥነት ሲባል የተደረገ ነው፣ እኔም ትክክል ይመስለኛል።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ፕሮግራሙ ራሱ 14 ቁጥርን በሚጠራው ትእዛዝ «ኢንት 14» ብሎ ቢጽፍስ፣ እክል ነው?

ከለገጣፎ፦
አይደለም ልጄ፣ «ጥሪ» ነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም እውነተኛው እክል ስታክ ላይ የሚጨምረው የስሕተት ኮድ በጥሪው ላይ የለም፣ መመለሻውም ቀጣዩ ትእዛዝ ነው። አይ ኤፍም አያግደው። ስለዚህ በኮዳችሁ ውስጥ ከቁጥሩ ጋር ዓይነቱንም አብራችሁ አስተላልፉ። ፕሮግራሙ ያንን ቁጥር እንዲጠራ ካልተፈቀደለት ደግሞ ጥሪው ይቀርና 13 ቁጥር ይነሳል፤ ያኔ እክል ነው፣ መመለሻውም ራሱ «ኢንት» የሚለው ትእዛዝ ይሆናል።