ደንገጎን በኮርስ ሳይክል፦ ማርሽ ላስቀይር ወይስ እንዳለ ልውጣ?

የሳቢያን ልጅ፦

አቦ እንዴት ናችሁ። ድሬ ነው የምኖረው። ጅቡቲ የሚሠራ አጎቴ አንድ አሮጌ ቢያንኪ ኮርስ ሳይክል አምጥቶልኝ ጠዋት ጠዋት ሽንሌ ደርሼ እመለሳለሁ፣ አንዳንዴም ወደ መልካ ጀብዱ እነዳለሁ። እግሬ ተፍታቷል፣ ሜዳው ግን ሰለቸኝ። አሁን ያሰብኩት የደንገጎን ዳገት ወጥቼ፣ በሐሮማያና በአወዳይ አድርጌ ሐረር መግባት፣ እዚያ አድሬ በማግስቱ መመለስ ነው።

ሳይክሉ ከፊት 53 እና 39 ጥርስ ነው፣ ከኋላ ትልቁ 25። የጎማው ስፋት 23 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭን። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚነክሰው ዓይነት ነው። ክብደቴ 70 ኪሎ ግድም። ጓደኞቼ በዚህ ማርሽ ደንገጎ አይወጣም ስላሉኝ ለማስቀየር ብር እያጠራቀምኩ ነው። ሳያስቀይር የወጣ አለ? ስንት ሰዓት ልነሳ? ውሃስ ምን ያህል ይበቃኛል?

ታይዋን ተራ፦

ዋርያ አሞሃል እንዴ? ሚኒባስ ላይ ጭነህ ደንገጎ ውረድ፣ ከዚያ ሐረር ድረስ እንደ ልብህ ንዳ። ስትመለስም እንደዚያው። እኔ በመኪና ስወጣው እንኳ ጆሮዬ ይደፈናል።

የከዚራው ጎሚስታ፦

ሚኒባሱን አልጠላሁትም፣ ልጁ የጠየቀው ግን መንዳት ነው።

ስማኝ የሳቢያን ልጅ፣ ማርሹ ይቆይህ። ያጠራቀምከውን ብር ፍሬን ላይ አውጣው። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ሳይክል ስጠግን ነው የኖርኩት። ደንገጎን ልወጣ ነው ብሎ የሚመጣ ሁሉ ስለ ማርሽ ይጠይቀኛል፣ ስለ መውረዱ የሚጠይቅ የለም። ዳገት ያቃተው ሰው ወርዶ ይገፋል፣ ቢበዛ ልጆች ይስቁበታል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን የከዳው ምን ያደርጋል?

ስለ መውጣቱ ቶሎ ልጨርስልህ። ድሬ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ደንገጎ መገንጠያው ከ2,000 በላይ ነው፣ መሃላቸው 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከከተማው እስክትለቅ ለስላሳ ስለሆነ ዳገቱ የሚጠራቀመው ከዚያ በኋላ ነው። በ39 እና በ25 ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞረው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ግድም ትሄዳለህ። ሽንሌ ለሚመላለስ ባለ 70 ኪሎ ልጅ ይሄ ይከብዳል እንጂ አይቻልም አይባልም። ከፍሬኑ ብር ከተረፈህ የኋላውን ትልቁን ጥርስ 28 አድርገው፣ ያኔ በዚያው አዟዟር ፍጥነትህ ወደ 10 ተኩል ይወርዳል፣ ትንፋሽም ታገኛለህ። የድሮ አጭር የማርሽ መቀየሪያ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 28 ይችላል፣ ካቴናው ግን አብሮ መለካት አለበት። ቀላል ማርሽ ማሰር ነውር የሚመስለው እኛ ሰፈር ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ሲገባ፣ እዚያ ያሉት ጉልበተኞች ሁሉ ተራራ ሲመጣ ከኋላ ትልቅ ጥርስ ነው የሚያስሩት።

አሁን ወደ ፍሬኑ። የአንተ ዓይነት ፍሬን የሳይክሉን ፍጥነት ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው፣ ሙቀቱን የሚሸከመው ደግሞ ቸርኬው ነው። ፈርተህ ከላይ እስከ ታች ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ ይዘህ ከወረድክ ቸርኬው ለመቀዝቀዝ ፋታ አያገኝም። ካላማዳሪው፣ ጎማው ውስጥ ያለው አየር የሚይዘው፣ አብሮ ይግላል፣ የተለጠፈበት ቦታ ካለ ሙጫው ይለቃል፣ ሲብስም ይፈነዳል። ስለዚህ ተለጥፎ የኖረ ካላማዳሪ ይዘህ እንዳትወርድ፣ ቢያንስ ለፊተኛው አዲስ ግዛ። አያያዙ እንዲህ ነው፦ መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት፣ ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ሁለቱንም ጠበቅ አድርገህ ፍጥነቱን ትገድላለህ፣ ከዚያ ለቀህ ትታጠፋለህ። ቀጥታው ላይ ቀና ብለህ ተቀመጥ፣ ነፋሱ ደረትህን ገፍቶ የተወሰነውን ሥራ ይሠራልሃል። መታጠፊያው ውስጥ ሆኖ የፊተኛውን ድንገት መጨበጥ ግን፣ በተለይ ጠጠር ካለ፣ ራስን መጣል ነው።

ከመሄድህ በፊት የፍሬኑን ጎማዎች ፈትተህ ገልብጠህ እያቸው። ድሬ አሸዋ ናት፣ ጎማው ውስጥ የተቀረቀረ ቅንጣት አታጣም። ከቸርኬው ተፍቆ የገባ የአሉሚኒየም ስባሪም ይኖራል፣ ብርሃን ላይ ስታዞረው ብልጭ ይላል። በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ንቀለው፣ አለዚያ እሱ ራሱ ቸርኬውን ይፈቀፍቀዋል። ፊቱ ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ ጎማው አልቋል፣ ወርውረው። እጀታውን ጨብጠህ ደግሞ ሽቦው ጭንቅላቱ ጋ ተመልከት፣ አንዲት ክር እንኳ ከተበጠሰች ይቀየር። በመጨረሻ ፍሬኑ የሚነክስበትን የቸርኬውን ጎን በጥፍርህ ዳስሰው። ከላይና ከታች ጠርዝ ቀርቶለት መሃሉ ጎድጎድ ካለ ተበልቷል። በእሱ ሽንሌ ተመላለስበት፣ ደንገጎ አትውረድበት።

ስለ መኪናው፦ ተሳቢ ጠምዛዛው ላይ ሲታጠፍ የአንተንም ግማሽ ይወስዳል። ሹፌሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ርዝመቱ አያሳጥፈውም። ጥሩምባ ስትሰማ ቀኝህን ያዝና እስኪያልፍ ቁም። የጫት መኪና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጫት ከጠወለገ ዋጋው ይወድቃል፣ ስለዚህ ባለ ሳይክል አየሁ ብሎ ፍጥነት የሚቀንስልህ የለም። መንገዱን ልቀቅለት፣ ክርክር አያስፈልግም።

የሳቢያን ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ሄጄ ዳሰስኩት። የፊተኛው ልሙጥ ነው፣ የኋላው ግን ትንሽ ጎድጎድ ያለ መሰለኝ። ጎማውንስ 25 ላድርገው? ሰዓቱንና ውሃውንም አልነገሩኝም።

ባቴ ካምፓስ፦

ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው፣ የላዩን መንገድ ልንገርህ። መገንጠያው ላይ ስትደርስ አለቀ ብለህ ጉልበትህን እንዳትጨርስ፣ ሐረር ገና ናት። በአዴሌ፣ በሐሮማያ፣ በባቴ፣ በአወዳይ፣ በሐማሬሳ ነው የምታልፈው። ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ደንገጎን የሚመስል ነገር የለውም፣ ሐረር 1,900 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች ሂሳቡ ወደ ታች ያደላል። ደርቆ የነበረው ሐይቅ ውሃ መልሶ ይዟል፣ ቆም ብለህ እየው።

አወዳይ ላይ ውረድና ግፋ። እዚያ ሰዉም ባጃጁም አህያውም አስፋልቱ ላይ ነው፣ የተጣለው ገራባ፣ የጫት ትራፊው፣ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ቀጭን ጎማ ያንሸራትታል። መንገድ ዳር ያሉ ልጆች እየጮሁ ይሮጡብሃል። ቀድመህ «አካም ጅርቱ» ካልካቸው ስቀው ይሸኙሃል። ዘግተህ ካለፍክ ድንጋይ ሊከተልህ ይችላል፣ አንዳንዴ ሰላም ብለህም አይቀርልህም። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ስትደርስ ፉል ብላ፣ ይገባሃል።

የከዚራው ጎሚስታ፦

የካምፓሱ ልጅ ልክ ነው፣ በተለይ አወዳይን። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፦ ላዩ ብርድ ነው። ድሬ በቲሸርት የወጣ ሰው ላቡ ሳይደርቅ ደንገጎ ላይ ነፋስ ይመታዋል፣ ስስ ጃኬት ጠቅልለህ ኪስህ ክተት።

ሰዓቱ ከሌሊቱ 11 ተኩል ይሁን፣ ወገግ ሲል ዳገቱ ሥር ትደርሳለህ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ አብዛኛውን ትጨርሰዋለህ። በግንቦትና በሰኔ ግን ይቅርብህ፣ የዚያን ጊዜ ድሬ ገና በጠዋቱ ታቃጥላለች። ክረምት ላይ ደግሞ ከላይ ጉም ሲወርድ ሹፌር አያይህም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢም አትምረጥ፣ የቁልቢ ተጓዥ በእግርም በአውቶቡስም መንገዱን ይሞላዋል፣ እነሱ ለስለታቸው ነው የሚሄዱት፣ ቦታ መልቀቅ ያለብህ አንተ ነህ። ውሃ ሁለት ኮዳ ያዝ፣ አንደኛው ውስጥ ትንሽ ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምርበት። አዴሌ ወይ ሐሮማያ ላይ ትሞላለህ።

ጎማው 25 ቢሆን ደስ ይለኛል፣ መጀመሪያ ግን በፍሬኑና በጎማው መሃል ቦታ መኖሩን እንይ፣ የድሮ ሳይክል አንዳንዱ አይቀበልም። የኋላውን ቸርኬ በስልክ አልፈርድልህም፣ አምጣውና በእጄ ልየው።

ስትመለስ መገንጠያው ላይ ቆመህ ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ጨብጠህ ሞክረው፣ ጃኬትህን ዝጋ፣ በብርሃን ውረድ። መሃል ላይ ሰፋ ያለ ዳር ስታገኝ ቁምና ቸርኬውን በእጅህ ጀርባ ንካ አድርገው። ካቃጠለህ እስኪበርድ ቁጭ በል። ውሃ እንዳትደፋበት። ሚኒባስ ውስጥ ያሉት በመስኮት ይስቁብሃል፣ ይሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ አለሁ፣ ካላማዳሪውን ሳትገዛ ና፣ የትኛው እንደሚሻል አሳይሃለሁ።