መድረክ ላይ ዕፅ የመውሰድ ትዕይንትን ተዋናዩን ሳንጎዳ እንዴት እናሳያለን?

ጠያቂ፦ ከመጋረጃ ጀርባ

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የወጣቶች የቴአትር ክበብ ጋር አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ተውኔት በማዘጋጀት ላይ እገኛለሁ። ታሪኩ ከሱስ ጋር በሚታገል ወጣት ዙሪያ የሚያጠነጥን ሲሆን፣ በሁለተኛው ገቢር ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድ ጊዜ ነጭ ዱቄት በአፍንጫው ሲስብ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ክንዱን በመርፌ ሲወጋ ይታያል። አዳራሹ ጠባብ ስለሆነ የፊተኛው ረድፍ ተመልካች ከመድረኩ የሚርቀው ሦስት ሜትር ብቻ ነው።

ከዚህ ቀደም በተዋናይነት በተሳተፍኩበት አንድ ሥራ አዘጋጁ የስኳር ዱቄት እንድንስብ ያደርገን ነበር። አብሮኝ ይጫወት የነበረው ጓደኛዬ በሁለተኛው ቀን ትርዒት ላይ ሳል አላስቆም ብሎት ንግግሩን ሳይጨርስ ከመድረክ ወረደ። ያ ቀን ከአእምሮዬ ስላልወጣ፣ አሁን ኃላፊነቱ በእኔ ላይ ሲወድቅ ያንኑ ስሕተት መድገም አልፈልግም።

ስለዚህ የፊልም ባለሙያዎች በእነዚህ ትዕይንቶች ላይ የሚጠቀሙት ምንድን ነው? ካሜራና ቅንብር በሌለበት መድረክ ላይስ የትኛው ዘዴ ይሠራል? በተጨማሪም ዋናውን ሚና የያዘው ወጣት «ስሜቱን በራሴ ካላየሁት እንዴት እጫወተዋለሁ?» እያለ ይጠይቀኛል፤ ምን ብዬ ልመልስለት?

መልስ 1፦ ዕቃ አቅራቢው

የጓደኛዎ ነገር በእጅጉ አሳዝኖኛል፤ እንዲህ ያለው አደጋ ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው። በፊልም ቀረጻዎች ላይ በፕሮፕስ (ተዋናዮች የሚይዟቸውን ዕቃዎች በሚያዘጋጀው) ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ላካፍልዎት።

ካሜራ ፊት ኮኬይን ተብሎ የሚቀርበው ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር፣ ኢኖሲቶል የሚባል ስኳር መሰል ነጭ ዱቄት ወይም የተፈጨ የቫይታሚን ቢ እንክብል ነው። የሚመረጡትም በእርጥበት ስለሚሟሙና እንደ ስንዴ ዱቄት አፍንጫ ውስጥ ሊጥ ሆነው ስለማይቀሩ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳት የላቸውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ለእይታ በበቃው «ዘ ዎልፍ ኦፍ ዎል ስትሪት» ላይ የተጫወተው ጆና ሂል፣ በቀረጻው ወቅት የቫይታሚን ዱቄት በብዛት ከመሳቡ የተነሣ ብሮንካይተስ (የአየር ቧንቧ ብግነት) ይዞት ሆስፒታል መግባቱን ራሱ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ባለበት ፊልም ይህ ከደረሰ፣ እኛ ዘንድ አይደርስም ብሎ መተማመን አይቻልም።

እኔ ከዚህ የተማርኩት የትኛውም ዱቄት ወደ አፍንጫ እንዳይደርስ ማድረግ እንደሚሻል ነው። አንዱ መንገድ የገለባውን ወይም የተጠቀለለውን ብር ውስጥ ቫዝሊን በስሱ መቀባት ሲሆን፣ ዱቄቱ ቅባቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሌላው በተዋናዩ እጅጌ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ቱቦ አማካይነት ዱቄቱን በትንሽ መሳቢያ ሞተር መምጠጥ ነው፤ ይህ ግን ድምፅ ስላለው ለፊልም እንጂ ጸጥ ላለ አዳራሽ አይሆንም። ለእርስዎ መድረክ የምመክረው ከሁሉም ቀላሉን ነው። የጠረጴዛው ጠርዝ በተመልካቹ በኩል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ገለባው ከላይኛው ጫፍ በጥጥ ይደፈን። ተዋናዩ ሲጎነበስ ተመልካቹ የሚያየው የራሱን መውረድና የትከሻውን መንቀሳቀስ ብቻ ይሆናል፤ የመሳቡን ድምፅ በባዶ አየር ያሰማል፣ ከጠርዙ ጀርባ ያለውን ዱቄት ደግሞ በመዳፉ ጠርጎ ወደተዘጋጀለት ስንጥቅ ያስገባል። ጠርዙ በደንብ ከሸፈነ ዱቄት ማስቀመጥም አያስፈልግም። እንዲያውም በመድረክ መብራት ሥር የሚቦን ዱቄት ከሩቅ ስለሚታይ ምስጢሩን ያወጣል።

መርፌን በተመለከተ፣ ለፊልም የሚሠሩት ስሪንጆች ጫፋቸው ቆዳ ሲነካ ወደ ውስጥ የሚገባ ነው። ካሜራው በቅርበት የሚያይ ከሆነ ደግሞ ከሲሊኮን የተሠራ ሰው ሠራሽ ክንድ ይዘጋጃል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው «ትሬንስፖቲንግ» የተጠቀመው ይህንን ነው። በ1994 በወጣው «ፐልፕ ፊክሽን» ውስጥ ጆን ትራቮልታ የኡማ ተርማንን ደረት በአድሬናሊን መርፌ ሲወጋ የሚታየው ትዕይንት ደግሞ የተቀረጸው በተቃራኒው ነበር። ትራቮልታ መርፌውን ከደረቷ ወደ ላይ ነቀለው፤ ፊልሙ ወደ ኋላ ሲመለስ የወጋት መሰለ። መድረክ ላይ ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ስለማይቻል፣ መርፌው ጭራሽ ተነቅሎ በምትኩ ደነዝ ፕላስቲክ የተተከለበት ስሪንጅ ይጠቀሙ። ክንዱ ወደ መድረኩ ጀርባ ከዞረ በሦስት ሜትር ርቀት መርፌው መኖር አለመኖሩን የሚለይ ተመልካች አይኖርም።

መልስ 2፦ ነርሷ

በጤና ሙያ ላይ ስለምሠራ ከላይ የተባለውን በሌላ በኩል ላጠናክር። የአፍንጫ ፀጉርና ንፍጥ ትልልቅ ብናኞችን ያስቀራሉ፤ በጣም የላመ ዱቄት ግን አልፎ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። አስም ላለበት ሰው ይህ የአየር ቧንቧን በድንገት ሊያጠብበት ስለሚችል፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ተዋናዮቹን ስለ አስምና ስለ አለርጂ በግል ይጠይቋቸው። የስንዴ ዱቄት በዳቦ ጋጋሪዎች ላይ የታወቀ የአስም መነሻ ነው። የሕፃናት ፓውደር ሆኖ የሚሸጠው ታልክም ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ፈጽሞ አይታሰብ። ላክቶስ እንኳ በጉሮሮ በኩል ወደ ሆድ ስለሚወርድ፣ ወተት የማይስማማውን ሰው ሆዱን ሊነፋውና ሊያስቀምጠው ይችላል። ተዋናይ አንድን ትዕይንት በልምምድ ብቻ ሃያ ጊዜ ሊደግመው እንደሚችል ስናስብ ደግሞ፣ «ጥቂት ነው፣ አይጎዳም» የሚለው ሐሳብ ዋጋ የለውም።

እባክዎ ለልምምድም ቢሆን እውነተኛ መርፌ ወደ ክፍሉ አይግባ። በአንድ መርፌ ሁለት ሰዎች ቢቧጨሩ የሄፓታይተስና የኤች አይ ቪ ሥጋት ይኖራል። የዓይን ብሌን ለማስፋት የሚደረግ ጠብታ ከፋርማሲ አግኝተው የሚሞክሩ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ ይህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይነካ መድኃኒት ነው፤ ደግሞም ከመድረክ ላይ የማንንም ብሌን ማየት የሚችል ተመልካች የለም።

መልስ 3፦ የትወና መምህር

እኔ ወደ ወጣቱ ተዋናይዎ ጥያቄ ልሂድ፤ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነውና።

ወጣቱ የጠየቀውን ሌሎችም ጠይቀውታል። ዩዋን ማግሬገር የሄሮይን ሱሰኛ ሆኖ በ«ትሬንስፖቲንግ» ሊጫወት ሲዘጋጅ ዕፁን ልሞክረው ወይ ብሎ አስቦ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ተወው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ያደረጉት ግላስጎው ውስጥ ካልተን አትሌቲክ ወደተባለ፣ ከሱስ ያገገሙ ሰዎች ወዳቋቋሙት ማኅበር መሄድ ነበር። ተዋናዮቹ አባላቱን አዳመጡ፤ የእጅ እንቅስቃሴውንም በግሉኮስ ዱቄት ከእነርሱ ተማሩ። ከዚያ ሕይወት ወጥቶ የቆመ ሰው ፊት ተቀምጦ «ለሚናዬ ስል ልሞክረው» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ወጣቱ ቢያስበው መልሱን ራሱ ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ። ከተቻለ እርስዎም ካገገሙ ሰዎች ጋር፣ በፈቃደኝነታቸውና ስማቸው ሳይጠቀስ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲያሳልፍ ያድርጉ። በሕግም በኩል ቢሆን ነገሩ ክርክር የለውም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 የሚደነግገው ስለ አደንዛዥ ዕፆች ነው፤ ለጥበብ ብዬ ነው የሚል መከላከያም አያዋጣም።

አሁን ወደ አካሉ እንምጣ። ጀማሪ ተዋናይ የዕፅ ተጠቃሚን ሲጫወት እንደ ሰካራም መንገዳገድ ይቀናዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ሄሮይን የወሰደ ሰው ይረጋጋል፣ የዓይን ሽፋኑ ይከብደዋል፣ ንግግሩ መሐል ላይ ይቆምበታል፣ አገጩ ወደ ደረቱ ይወርድና እንደገና ይቃናል፤ ፊቱንና ክንዱን ደጋግሞ ያካል። ኮኬይን የወሰደው ደግሞ ሌላውን ሳያስጨርስ ይናገራል፣ መንጋጋውን ይነክሳል፣ መቀመጥ ይሳነዋል፣ አፍንጫውን በየደቂቃው ይጠርጋል። ከሁሉም በላይ ግን ሱሰኛ ሰው ቤተሰቡ ፊት ደኅና ለመምሰል ይታገላል። እናቱ ቡና ስታቀርብለት ሲኒውን ሳያንቀጠቅጥ ለመቀበል የሚያደርገውን ጥረት ተዋናይዎ ከተጫወተው፣ ተመልካቹ ዱቄቱንም መርፌውንም ሳያይ ሁሉንም ይረዳል።

ለዚህ የቆየ ምሳሌ አለ። የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ራሳቸው ባወጡትና ከ1934 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አጥብቀው ባስከበሩት ደንብ መሠረት የዕፅ ሱስን በፊልም ማሳየት ተከልክሎ ነበር። የፊልም ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሪሚንጀር በ1955 «ዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን አርም»ን ሠርቶ የፈቃዱን ማኅተም ቢነፈግም ፊልሙን ለሕዝብ አቀረበው፤ በቀጣዩ ዓመትም ደንቡ ላላ። ዋናው ተዋናይ ፍራንክ ሲናትራ ሲወጋ ካሜራው ወደ ዓይኖቹ ይጠጋል። የሚከብደው ትዕይንት ደግሞ በኋላ፣ ዕፁን ለመተው በአንድ ክፍል ተዘግቶበት ሲሰቃይ የሚታየው ነው። ይህንን እርስዎም ያለ ምንም ወጪ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ክንዱ በጨለማ ይሁን፣ አንድ መብራት ፊቱ ላይ ብቻ ይውደቅ፣ ለአሥር ሰከንድም ማንም አይናገር።

ጠያቂ፦ ከመጋረጃ ጀርባ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት በልምምድ ላይ ጠርዙ ከፍ ያለውን ጠረጴዛ ያለ ምንም ዱቄት ሞከርነው፤ በፊተኛው ረድፍ ያስቀመጥኳቸው ሦስት ሰዎች ሁሉ ዱቄት እንዳዩ ነገሩኝ። የመርፌውን ትዕይንት በአንድ መብራት አድርገነዋል። ወጣቱም ካገገመ ሰው ጋር ለመገናኘት ተስማምቷል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ በመጀመሪያው ገቢር ሁለት ጓደኛሞች ሲጋራ ያጨሳሉ፤ ኒኮቲን የሌለው የዕፅዋት ሲጋራ ብንጠቀም ይሻላል?

መልስ 4፦ ነርሷ

አይሻልም። ኒኮቲን ባይኖረውም የሚቃጠል ቅጠል ሬንጅ መሰል ዝቃጭና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በጠባብ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የሚተነፍሰው ተዋናዩ ብቻ አይደለም።

መልስ 5፦ ዕቃ አቅራቢው

በዚህ ላይ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታዎች ማጨስን ስለሚከለክል፣ እውነተኛው ሲጋራም አማራጭ አይሆንም። ሲጋራው ሳይለኮስ ይቆይ፤ አንደኛው ጓደኛ ክብሪት ሊጭር ሲል ሌላው ይከልክለው፣ ወይም አንድ ሰው ሲመጣ ሰምተው ይደብቁት። ከጽሑፉ ጋር የሚስማማ ከሆነ እንዲያውም ስለ ሁለቱ ብዙ የሚናገር ቅጽበት ይሆንልዎታል።

ስሪንጆቹን ደግሞ ከእያንዳንዱ ትርዒት በኋላ አንድ ሰው ቆጥሮ ሳጥን ውስጥ ይቆልፋቸው፤ በሳጥኑም ላይ የመድረክ ዕቃ መሆናቸው በግልጽ ይጻፍ። አዳራሹን በማግሥቱ የሚያጸዳው ሰው ወንበር ሥር ስሪንጅ ቢያገኝ የውሸት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።