«አነሳ»፣ «ቀረጸ» ወይስ «ዘወረ»? የንግግር አልባው ዘመን ካሜራ ሰው በአማርኛ

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የአሜሪካዊውን የካሜራ ባለሙያ የካርል ስትራስን የሥራ ዘመን ለፊልም ተማሪዎች በአማርኛ እየጻፍኩ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1886 ኒው ዮርክ ተወለደ። ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ስም አወጣ፤ ለስለስ ያለ ምስል የሚሰጥ ሌንስም ሠርቶ በራሱ ስም ይሸጥ ነበር። በ1919 ሎስ አንጀለስ ሲገባ የፊልም ዳይሬክተሩ ሴሲል ቢ. ደሚል ቀጠረው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ከካሜራ ጀርባ ቆመ።

ታሪኩ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ግሡ ነው። እስከ 1919 ድረስ «አነሳ» እያልኩ መጣሁ፤ ፎቶ ነዋ። ከዚያ በኋላስ? «ቀረጸ» ብል፣ ድምፅ በሌለበት ምኑን ነው የቀረጸው? ሰውዬውን «ቀራጺ» ብለው ሐውልት ሠሪ ሆነብኝ። አንዱ ተማሪዬ ደግሞ «ቀራጭ» ብሎ ጻፈልኝ። እንደ እናንተ ትክክሉ የትኛው ነው?

የአብነት ተማሪ፦
ተማሪሽ ያጠፋው በአንዲት ፊደል ነው፤ ግን ያቺ ፊደል ብዙ ታስተምራለች። ቀራጭ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው፤ ወንጌል ላይ ማቴዎስ ከመጠራቱ በፊት የነበረበት ሥራ። ቀራጺ ደግሞ ድንጋይና እንጨት በመሮ እየፈለፈለ ቅርጽ የሚያወጣ። በጸ እና በጠ መካከል እንዲህ መመላለስ የለመድነው ነው፤ ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር እንላለን። የሁለቱም ሥር መቁረጥ ነው፦ አንዱ ከገንዘብ ይቆርጣል፣ ሌላው ከድንጋይ።

«ቀረጸ» ወደ ድምፅ የሄደበትን መንገድ እኔ እንዲህ ነው የምረዳው። የሸክላው ዘመን ድምፅ በእርግጥም ይፈለፈል ነበር፤ መርፌዋ ሰም ላይ ቦይ እየቆረጠች ትሄዳለች። የመጀመሪያዎቹ ተናጋሪ ፊልሞች ብዙዎቹ ድምፃቸው ከፊልሙ ተለይቶ በሸክላ ላይ ነበር፤ የሸክላው መነሻ ደግሞ ሰም። ስለዚህ ለድምፅ «ቀረጸ» ማለት ዘይቤ ሳይሆን ቀጥተኛ ፍቺ ነው። ለምስል ግን ማንም ምንም አልፈለፈለም፤ ብርሃን ነው ፊልሙን የነካው። ግሡ ለምስል በውሰት የመጣ ይመስለኛል፤ ስለ 1919 ስትጽፊ የማይመችሽም ለዚህ ነው።

የፍራንክፈርቷ፦
እኔ ከምኖርበት አገር አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ፊልም መሥራትን «ድሬየን» ይሉታል፤ ቃል በቃል ማዞር ማለት ነው። ፈረንሳዮች «ቱርኔ»፣ ጣሊያኖች «ጂራሬ» ይላሉ፤ እነዚህም ማዞር ናቸው። ካሜራው በእጅ ከሚዞርበት ዘመን የቀረ ቃል ነው። ዛሬ በስልኩ የሚቀርጽ የጀርመን ልጅ እንኳ «አዞርኩ» ይላል፤ የሚዞር ነገር ግን የለም። የእኛ ቃል እጀታውን አላየውም፤ አማርኛ ስለ ፊልም በሰፊው ማውራት ሲጀምር እጀታው ቀርቶ ነበርና።

የብርሃን ሰው፦
ልጆቼ፣ እኔ አዲስ አበባ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ከመጽሐፍ ይልቅ እጄ የሚያውቀውን ልንገራችሁ።

የኔዋ ካሜራ ቦሌክስ በጎኗ ቁልፍ ነበራት፤ እንደ ሰዓት ትጠመዘዛለች። አንድ ጊዜ አክርረሽ ብትለቂያት ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ትቆማለች። የማዞሪያ እጀታም አብሮ ይመጣል። አንድ ቀን አለቃዬ እጀታውን ሰጥቶኝ «ሳትቆጥር አትንካ» አለኝ። በኋላ ነው የገባኝ። በንግግር አልባው ዘመን ልማዱ በሰከንድ ሁለት ዙር ነበር፤ አንዱ ዙር ስምንት ምስል፣ ሁለቱ አሥራ ስድስት። ካሜራ ሰው ቀኝ እጁ ሲዞር ዓይኑ ተዋናዩ ላይ ነው፣ ልቡ ይቆጥራል። ቀስ ብሎ ቢያዞር ተዋናዩ ስክሪኑ ላይ ይሮጣል፤ ፈጥኖ ቢያዞር ተዋናዩ ይንሳፈፋል። ግልብጥ ነው፣ ግን እንደዚያ ነው። ጊዜ በክንዱ ላይ ነበረች ብል አላጋነንኩም።

ሁለት ምስል አንዱን በሌላው ላይ ለመደረብ ሲፈልጉም ቤተ ሙከራ አይጠብቁም። የመጀመሪያውን ይሠሩና ዙሩን ይጽፋሉ፤ ሌንሱን ከድነው ያንኑ ያህል ዙር ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ ከዚያ በዚያው ፊልም ላይ ሁለተኛውን ይሠራሉ። አንድ ዙር ቢሳሳቱ የሁለቱም ቀን ድካም ገደል ይገባል።

ስለዚህ የኔ ምርጫ «ዘወረ» ነው። መዘውር፣ ዘዋሪ፣ ዘወር በል፤ ሁሉም ከአንድ ሥር። ዱሮ መኪና ነጂውንም ዘዋሪ ይሉት ነበር። «ካሜራ ዘዋሪ» ብትዪው የ1919ን ሰው ከነክንዱ ታሳያለሽ።

ቃል ለቃሚ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን «ዘዋሪ» ሌላውን ሥራውን አይሸፍንብኝም? ስትራስ ትልቅ የሆነው በክንዱ ብቻ አይደለም። በ1925ቱ «ቤን ሁር» ውስጥ ለምጻሞቹ እናትና ልጅ ሲፈወሱ የፊታቸው ለምጽ ፊልሙ ሳይቋረጥ፣ ዓይናችን እያየ ይጠፋል።

የብርሃን ሰው፦
እዚያ ላይ ቆም በዪ፤ ጥሩ ቦታ አነሳሽ። ለምጹ በቀይ የፊት ቀለም የተሣለ ነበር። ትዕይንቱ ጥቁርና ነጭ ነው። ሌንሱ ፊት አረንጓዴ ማጣሪያ ሲያደርጉ ቀዩ ብርሃን ስለማያልፍ ነቁጡ ጠቁሮ ይታያል። አረንጓዴው ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ቀዩ ማጣሪያ ሲተካው ቀዩ ቀለም ከቆዳው ጋር እኩል ይነጣና ይጠፋል። ተዋናይዋ አልተነካችም፣ ካሜራው አልቆመም፤ የተንሸራተተው ቀጭን መስታወት ብቻ ነው። በ1931 «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ» ላይ ስትራስ ይህንኑ ዘዴ ተናጋሪ ፊልም ውስጥ አስገባው፤ የተዋናዩ የፍሬድሪክ ማርች ፊት ሰው ሳይነካው አውሬ መሆን ጀመረ። እንዴት እንደሆነ ለተመልካች ብዙ ዓመት አልተነገረም።

ለዚህ ደግሞ ቀይን የሚያይ ፊልም ያስፈልጋል። የቀድሞው ፊልም ለቀይ ዕውር ነበር፤ ቀይ ከንፈር ጥቁር፣ ሰማያዊ ሰማይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙን ሁሉ የሚያየው ፓንክሮማቲክ የተስፋፋው በሃያዎቹ መጨረሻ ነው። እና ልክ ነሽ፤ ይሄ ሰው ዘዋሪ ብቻ አይደለም።

የአብነት ተማሪ፦
«ድምፅ አልባ» የሚለው ላይም እንነጋገር። ለሽጉጥ ይሆናል፤ ለነዚህ ፊልሞች ግን አይሆንም። በፒያኖ ወይም በኦርኬስትራ እየታጀቡ ነበር የሚታዩት። የጎደላቸው ንግግር ነው። ስለዚህ «ንግግር አልባ»፣ የኋለኞቹን ደግሞ «ተናጋሪ»።

ቃል ለቃሚ፦
ይህን መቀበል ግድ ነው፤ ማስረጃው እዚሁ እጄ ላይ አለ። ስትራስ ከሌላው የካሜራ ባለሙያ ከቻርልስ ሮሸር ጋር የሠራው የዳይሬክተሩ የሙርናው «ሰንራይዝ» በ1927 ሲወጣ ሙዚቃና የአካባቢ ድምፅ ፊልሙ ላይ ተቀርጾለት ነበር፤ የሚናገር ሰው ግን የለበትም። «ድምፅ አልባ» ብለው ሐሰት ይሆናል። ለዚህ ሥራ ነው ሁለቱ የመጀመሪያውን የቀረጻ ኦስካር በ1929 የወሰዱት።

የፍራንክፈርቷ፦
ከዚያ በኋላ ካሜራው የደረሰበትን ነገር አትዝለዪ፤ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ማይክሮፎን ሲገባ የካሜራው ጩኸት አስቸገረ። ካሜራውን ከነሰውየው የመስታወት መስኮት ባላት የታፈነች ጠባብ ክፍል ከተቱት። ከሰው ኋላ እየሮጠ፣ እየዞረ የኖረ ካሜራ ተገተረ። የሚጮኸው የአርክ መብራትም ወጥቶ ዝም በሚለው አምፖል ተተካ። እጀታው በሞተር፣ አሥራ ስድስቱ በሃያ አራት ተተኩ፤ ድምፅ ፍጥነት ሲዛባ ይቀጥናል ወይም ይጎረንናልና ከእንግዲህ በእጅ ማዞር አይቻልም።

የብርሃን ሰው፦
እኔን የሚያሳዝነኝ የሮሸር ነገር ነው። ለዓመታት የዝነኛዋን ተዋናይ የሜሪ ፒክፎርድን ፊት በብርሃን የጠበቀ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ተናጋሪ ፊልሟን፣ የ1929ኙን «ኮኬት» ሲሠሩ፣ እሷ በስሜት እየተወነች ሳለ ጥላ ፊቷ ላይ ወደቀና «ይቁም!» አለ ይባላል። ትናንት ቢሆን የሚያስመሰግን ንቃት ነበር። በዚያ ቀን ግን ትወናው ተቋረጠ፣ እሱም ከሥራው ወጣ። ፊልሙን የጨረሰው ስትራስ ነው። ጥላን ማየት የካሜራ ሰው ግዴታ መሆኑ አልቀረም፤ የቀረው አፍ አውጥቶ ማስቆም ነው።

ለስሙ እንግዲህ የኔ ሐሳብ፦ እስከ 1927 «ካሜራ ዘዋሪ»፣ ከዚያ ወዲህ «የቀረጻ ባለሙያ»። የቃሉ መለወጥ ራሱ የዘመኑን መለወጥ ያሳይልሻል።

የአብነት ተማሪ፦
እስማማለሁ፤ ተናጋሪው ዘመን ላይ «ቀረጸ» ቤቱ ገባ፣ ድምፅና ምስል አብረው ነውና። «ካሜራማን» የሚለው ግን መቅረት የለበትም። ሕዝቡ ተቀብሎታል፤ ሰርግ ላይ ሁሉም ሰው «ካሜራማኑ የታለ?» ነው የሚለው። አርዕስት ላይ እሱን አድርጊ፣ ውስጡን እንደ ዘመኑ ለዪ።

ቃል ለቃሚ፦
እንዲሁ አደርጋለሁ። አንድ አንቀጽ ላስቀምጥና እረሙኝ፦

«በሰንራይዝ ውስጥ ባልየው ለሊት ተነሥቶ ረግረጉን እያቋረጠ ከከተማ ወደ መጣችው ሴት ይሄዳል። ስትራስ ካሜራውን ከላይ በተንጠለጠለ ሐዲድ ላይ ሰቅሎ አብሮ ሄደ። ካሜራው በቅጠሉ መካከል አልፎ ሄደና ሴትየዋ ከጨረቃዋ በታች ቆማ አገኛት።»

የብርሃን ሰው፦
ጥሩ ነው፤ «ሄደ» ግን በዛ። ሰውየው ይሂድ፣ የሱ ነው። ካሜራውን «ተከተለው» በዪው። ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ደግሞ ተለይቶት፣ እሱ ሳይደርስ ሴትየዋ ጋ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ «ቀደመው» በዪ።